አስፈሪ ፊልም መቼ ያስፈራል?

ፊልም ወደ አገራችን በገባበት ዘመን የአዲስ አበባ ሕዝብ ከመጀመሪያዎቹ የሲኒማ ቤቶች አንዱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠርቶት እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይህን ስም ያሰጠው የሚታየው ታሪክ አስፈሪነት አልነበረም። በጨለመ ክፍል ውስጥ ሥጋና ደም የሌለው ሰው በግድግዳ ላይ ሲራመድ መታየቱ ብቻውን በቂ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተገላብጧል። ፊልም ሠሪው የሰው ራስ ሲንከባለል፣ ጥፍሩ የረዘመ አውሬ ከመቃብር ሲወጣ፣ ግድግዳው ደም ሲያነባ ያሳየናል፤ እኛም ቆሎ እየቆረጠምን እንስቃለን። ያን ያህል ገንዘብና ድካም የፈሰሰበት ሥራ ሊያስፈራን ተነሥቶ ለምን አሳቀን? ቀድሞስ ተራ ጥላ እንዴት አስፈራ? ይህን ጥያቄ መመርመር ፊልም ለሚመለከት ብቻ ሳይሆን ድርሰት ለሚጽፍም ይጠቅማል፤ ፊልምም ቢሆን ከካሜራው በፊት በብዕር የሚጀመር ድርሰት ነውና።

በቅድሚያ ቃላቱን እንለይ። በር ድንገት ሲላጋ ሰው ይደነግጣል። የተከፈተ ቁስል ሲያይ ይዘገንነዋል። በሌሊት ብቻውን ሲሄድ ከኋላው ኮቴ ሲሰማ፣ እሱ ቆም ሲል ኮቴውም ቆም ሲል ግን ይፈራል። ድንጋጤ ለቅጽበት የሚቆይ ስሜት ነው፤ መንሥኤው እንደ ታወቀ ይጠፋል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ሣቅ ይከተለዋል። ዘግናኝ ነገር ፊትን ያስዞራል፤ ደጋግሞ ሲታይ ግን ይለመዳል። ፍርሃት ከሁለቱም የሚለየው ገና ያልደረሰን ነገር በመጠባበቅ ላይ የቆመ በመሆኑ ነው። ሰዋስዉም ቢሆን ልዩነቱን ይመሰክራል። «ፈራ» የሚለው ግሥ ተሳቢ ይቀበላል፤ «ልጁ ጨለማን ፈራ» እንላለን። «ልጁ ጨለማን ደነገጠ» ግን አንልም። ፍርሃት ወደ አንድ ነገር ያመለክታል ማለት ነው። የጥሩ አስፈሪ ፊልም ብልሃትም ያን ተሳቢ በተቻለ መጠን ማዘግየት ነው።

በእኔ አስተያየት አንድን ፊልም አስፈሪ የሚያደርገው የአውሬው መልክ፣ የደሙ ብዛት ወይም የድምፁ ኃይል አይደለም። ተመልካቹ ከአዳራሹ ወጥቶ በሚሄድበት መንገድ ላይ፣ በሚተኛበት ቤት ላይ፣ በየቀኑ ሳያስተውለው በሚያልፈው ነገር ላይ ጥርጣሬ ሲያሳድርበት ነው። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ምንም የማይከተለን ከሆነ፣ በአዳራሹ ውስጥ የቱንም ያህል ብንጮህ ፊልሙ አላስፈራንም።

የፍርሃትን አሠራር ለማስረዳት ከነገሌ ቦረና የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ፣ እንደ ያቤሎ፣ እንደ ሜጋና እንደ ሞያሌ ሁሉ፣ ቀን የፀሐይና የአቧራ፣ ሌሊት የጅብ ናት። ሲመሽ ከከተማው ዳር ካለው ግራር ውስጥ ከዝቅታ ጀምሮ ሽቅብ የሚጎተት ድምፅ ይሰማል። የጅብ ጩኸት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ርቀት ሊሰማ ስለሚችል፣ ሰሚው አውሬው በየት በኩል እንዳለ በእርግጥ ሊያውቅ አይችልም። «ሩቅ ነው» ብሎ ራሱን ሲያጽናና ሌላው ጅብ በቅርብ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጸጥ ይላል። በከተማ ዳር ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከጩኸቱ ይልቅ የሚከብደው ይህ ጸጥታ ነው። ጩኸቱ ቢያንስ ጅቡ እዚያ ማዶ መሆኑን ይናገራል፤ ጸጥታው ግን ምንም አይናገርም።

ይኸው እንስሳ ሐረር ላይ ሌላ ነው። በሐረር ግንብ ዳር ማታ ማታ ጅቦችን በስም እየጠሩ ሥጋ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። ሊያይ የመጣ እንግዳም ሥጋው የተንጠለጠለበትን እንጨት በአፉ ይዞ፣ ጅቡ ቀርቦ ሲወስድለት ፎቶግራፍ ይነሣል። ጥርሱ ያው ጥርስ ነው፤ አጥንት የሚሰብረው መንጋጋም ያው ነው። የጎደለው ጨለማውና ጥርጣሬው ብቻ ነው። በመብራት ሥር የቆመ ጅብ ወገቡ ያዘቀዘቀ፣ ዓይነ አፋር፣ ትልቅ ውሻ ይመስላል። እንግዲህ መጥፎ አስፈሪ ፊልም ማለት ጅቡን ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ በመብራት ሥር የሚያቆም ፊልም ነው።

አሜሪካዊው ዳይሬክተር ስቲቨን ስፒልበርግ ይህን ሐቅ ሳይወድ በግድ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን፣ «ጆውስ» የተባለውን፣ በአማርኛ «መንጋጋ» ልንለው የምንችለውን ፊልም ሲያዘጋጅ፣ ሰው የሚበላ ግዙፍ የባሕር ዓሣ ማለትም ሻርክ የሚመስል፣ በመሣሪያ የሚንቀሳቀስ አውሬ ተሠርቶለት ነበር። መሣሪያው ግን በባሕሩ ጨዋማ ውሃ ውስጥ በየጊዜው እየተበላሸ ሥራውን አጓተተው። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ሻርኩን በማሳየት ፋንታ የውሃውን ገጽ፣ ሻርኩ ላይ የታሰሩና ውሃውን እየሰነጠቁ የሚነጉዱ በርሜሎችን፣ በሁለት ኖታ ላይ የሚመላለስ ሙዚቃን ተጠቀመ። ሻርኩ በሚገባ የሚታየው ፊልሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሄደ በኋላ ነው። መሣሪያው ባይበላሽ ኖሮ ፊልሙ ያን ያህል ባላስፈራ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ባሕር ከነገሌ እጅግ ሩቅ ነው። ይሁን እንጂ ገናሌን ወይም ዳዋን ለመሻገር እግሩን ውሃ ውስጥ የከተተ ሰው ይህን ፊልም ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ወንዞቹ አዞ አለባቸው፤ በዝናብ ወራትም ደፍርሰው ከጉልበት በታች ያለውን አያሳዩም። የሻርክን ስም እንኳ ሰምቶ የማያውቅ እረኛ፣ የውሃው ገጽ ያለ ወትሮው ጸጥ ሲል ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። በድርሰት ትምህርታችሁ «መቼት» የምንለው ነገር፣ ማለትም ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ፣ በአስፈሪ ፊልም ከሁሉ የበለጠ ቦታ የሚሰጠው ስለዚህ ነው። በሌላው ታሪክ መቼት የገጸ ባሕርያቱ መቆሚያ ሲሆን፣ በአስፈሪ ታሪክ ግን ራሱ መጠርጠር አለበት።

ወደ እኛ ቆላ የሚቀርብ ሌላ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1898 በኬንያ ምድር፣ ከሞምባሳ ወደ ኡጋንዳ በሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ላይ፣ በጻቮ ወንዝ ድልድይ ሲሠራ ሁለት አንበሶች ለወራት ያህል ሠራተኞችን ከድንኳናቸው እየጎተቱ በሉ። ሠራተኞቹ የቦረና ከብት አርቢ በረቱን እንደሚያጥረው ሁሉ ዙሪያቸውን በእሾህ አጠሩ፤ እሳትም አነደዱ። አንበሶቹ ግን አጥሩን አልፈው ይገቡ ነበር። የድልድዩ ሥራ ኃላፊ የነበረው መኰንን ፓተርሰን ሁለቱንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደላቸው። እሱ ቆይቶ የሟቾቹን ቁጥር እስከ 135 አድርሶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤታቸውን ያሳተሙ ሳይንቲስቶች ደግሞ የአንበሶቹን ጠጉርና አጥንት መርምረው የተበሉት ሰዎች 35 ያህል እንደሚሆኑ ገምተዋል። የአንበሶቹ ቆዳ ተሞልቶ ዛሬም በቺካጎ ቤተ መዘክር ይታያል።

ይህ ታሪክ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ፊልም ሆኗል፤ ሁለቱም ለክርክሬ ይጠቅሙኛል። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው «ብዋና ዴቭል» ተመልካቹ በልዩ መነጽር የሚያየው፣ ምስሉ ከሸራው ወደ ፊት የወጣ የሚመስልበት ፊልም ነበር። አንበሳው ከተመልካቹ ጭን ላይ እንደሚወጣ በማስታወቂያ ተነገረ። ሕዝቡም ለጉዱ ተሰለፈ፤ ፊልሙ ብዙ ገንዘብ አስገኘ፤ ሐያስያን ግን አላከበሩትም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው «መንፈሱና ጨለማው» እጅግ የተሻለ ሥራ ቢሆንም፣ የተጠቀመባቸው አንበሶች ባለ ጎፈር ነበሩ፤ የጻቮዎቹ ወንድ አንበሶች ግን ጎፈር አልነበራቸውም። ይህ ጥቃቅን ስሕተት መፈለግ አይደለም። ባለ ጎፈሩ አንበሳ በሳንቲማችን ላይ ሳይቀር የምናውቀው፣ ግርማ የተላበሰ ዘውዳዊ አውሬ ነው። ጎፈር የለሽ ወንድ አንበሳ ግን የምናውቀው የሚመስል ሆኖ የማናውቀው ነገር ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ የበለጠ ያስፈራል።

የጻቮ ታሪክ እውነተኛ አስፈሪነት ያለው ከአንበሳው ጥርስ ላይ ሳይሆን ከአጥሩ ላይ ነው። ሰው እሾህ ቆርጦ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖ፣ «አሁን ደኅና ነኝ» ብሎ ይተኛል፤ ጧት ሲነሣ አጥሩ እንደ ቆመ ነው፤ ጎኑ የተኛው ሰው ግን የለም። በረት አጥሮ ለሚያድር ሕዝብ ከዚህ የሚበልጥ አስፈሪ ትዕይንት አይገኝም። አንበሳውን ማሳየት እንኳ አያስፈልግም።

እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ» በተባለው ፊልሙ ይህንኑ በከተማ ሰው ላይ አድርጎታል። አንዲት ሴት በሆቴል ገላዋን ስትታጠብ የምትገደልበት ትዕይንት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ቢላዋው ሥጋ ሲወጋ በግልጽ አይታይም ለማለት ይቻላል፤ ፊልሙም ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ደሙ ቀይ አይደለም። ሆኖም ተመልካቹ ልብሱን አውልቆ፣ ዓይኑን በሳሙና ጨፍኖ፣ በሩን ቆልፎ የሚቆምበትን ደኅና ስፍራ አሳጣው። የሚያሳዝነው ይኸው ታላቅ ፊልም ወደ መጨረሻው ሐኪም አቁሞ የገዳዩን አእምሮ በረጅም ንግግር ማስተንተኑ ነው። ሐኪሙ በተናገረ ቁጥር ፍርሃቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ብዙ ፊልሞች ከዚህ የወረሱት ጥንካሬውን ሳይሆን ይህን ድካሙን ነው።

ገላጭ ሥዕል ካነሰ ፍርሃት እንደሚበዛ በአስተማሪነት ዘመኔም ታዝቤአለሁ። በቆላ ከተሞች ፊልም በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በሚታይበት ጊዜ፣ የመግቢያ ሳንቲም ያላገኘ ተማሪ ታሪኩን በማግሥቱ ከጓደኛው አፍ ይሰማ ነበር። ፊልሙን ያዩት እየሳቁ ሲያወሩ፣ ከአፍ የሰሙት ግን ማታ ወደ ውጭ ለመውጣት ሲፈሩ ያጋጥማል። ተራኪው የአውሬውን የጎማ ፊት አላሳያቸውም። ቤቱንም ሲተርክ የአሜሪካን ቤት ስለማያውቀው የሠፈሩን ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳኑን፣ የጓሮ በሩን ያስገባበታል። ሳያውቀው መቼቱን ለውጦ ፊልሙን አሻሻለው ማለት ነው።

ስለ ድንገተኛ ጩኸት ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ የዛሬ ፊልም ሠሪዎች ያለ ልክ የሚመኩበት ዘዴ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1942 ቫል ሉተን አዘጋጅቶት ዣክ ቱርነር በመራው፣ «የድመት ሰዎች» በተባለ አነስተኛ ገንዘብ የወጣበት ፊልም ውስጥ፣ አንዲት ሴት በሌሊት በአንድ ግንብ ሥር ብቻዋን ትሄዳለች። ከኋላዋ የሌላ ሴት ጫማ ይሰማል፤ ከዚያም ይጠፋል። ዞር ትላለች፤ ማንም የለም። እርምጃዋን ታፈጥናለች። በመጨረሻ የአውሬ ፉጨት የመሰለ ኃይለኛ ድምፅ ጆሮን ሲሰነጥቅ ተመልካቹ ከወንበሩ ይነሣል፤ የመጣው ግን አውቶቡስ ነበር። ይህ ትዕይንት እስከ ዛሬ ይቀዳል። ቀጂዎቹ ግን አውቶቡሱን ወስደው እርምጃውን ተዉት። ልብ ሰቀላው ያለው በእርምጃው ላይ ነው። ጩኸቱን ብቻ ማምጣት በሰው ጆሮ አጠገብ ቆርቆሮ እንደ መምታት ነው፤ ሰው ይዘላል፤ ቀጥሎ ይናደዳል።

እስከ አሁን ያልኩት የሥራውን ብልሃት ይመለከታል። ከዚህ የሚከብድ ጉዳይ ግን አለ። አስፈሪ ፊልም ወጣቶችን ይጎዳል ብለው ፈጽሞ የሚከለክሉ ሰዎች አሉ። ለሕፃናት ከሆነ እኔም እስማማለሁ። እናንተ ባላችሁበት ዕድሜ ግን የሴት አያቶቻችን የምድጃ ዳር ተረት ከብዙ ፊልም ይልቅ ያስፈራ እንደ ነበር እያወቅሁ፣ በፍርሃት ላይ ክልከላ ላውጅ አልችልም። የሚያሳስበኝ ፍርሃቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ ነው።

በብዙ የአገራችን ክፍሎች አንዳንድ ሰዎች ሌሊት ወደ ጅብ ይለወጣሉ የሚል እምነት ኖሯል። ቡዳ ተብለው የተጠረጠሩት ብዙውን ጊዜ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂውና ቤተ እስራኤል ነበሩ። ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን፣ ጀበናዋን ከእጇ ገዝተን፣ በማዕድና በጋብቻ አግልለናቸዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በቦረናም «ቱምቱ» የሚባለው አንጥረኛ ከሌላው ተለይቶ ይታይ ነበር።

አሁን አንድ ፊልም ሠሪ ተነሥቶ ቀን ሸክላ የምትሸጥ፣ ሌሊት ጅብ የምትሆን ሴት ታሪክ ቢሠራ ምን እንላለን? ከላይ ባስቀመጥሁት መለኪያ ብንመዝነው ፊልሙ በጣም አስፈሪ ሊሆን ይችላል። ጅቡ ላይታይ ይችላል፤ መቼቱ የራሳችን ሠፈር ነው፤ ተመልካቹም ከአዳራሹ ሲወጣ ፍርሃቱ ይከተለዋል። የሚከተለውም እስከ ገበያው፣ ሸክላዋን ዘርግታ እስከ ተቀመጠችው ሴት ድረስ ነው። ይህን ችግር በቀላሉ ልናልፈው አንችልም፤ ፊልሙን መጥፎ የሚያደርገው አለማስፈራቱ ሳይሆን በደንብ ማስፈራቱ ነውና።

ወደ «የድመት ሰዎች» የምመለሰው ስለዚህ ነው። የዚያ ፊልም ዋና ገጸ ባሕርይ ከሰርቢያ ወደ ኒው ዮርክ የመጣች እንግዳ ሴት ናት፤ የአገሯ ሰዎች በሚያምኑት መሠረት ወደ ግሥላነት እለወጣለሁ ብላ ትሰጋለች። ታሪኩ ከቡዳ ታሪክ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ፊልሙ እኛን ከከሳሾቿ ጎን አያቆመንም። ብቸኝነቷን እናያለን፤ ከሁሉ አስቀድማ የምትፈራው እሷ ራሷ መሆኗን እናያለን። ከአዳራሹ የሚወጣ ሰው ጎረቤቱን ሳይሆን የገዛ ልቡን ይጠረጥራል። አስፈሪነቱም በዚህ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ።

ለአካባቢያችን ታሪክ የሚሆን ነገር ሞልቷል። ከነገሌ በስተምዕራብ፣ በዱብሉቅና በሌሎችም ስፍራዎች፣ ቦረናዎች «ቱላ» የሚሏቸው ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉ፤ ዘጠኙ «ቱላ ሰግላን» ተብለው የታወቁ ናቸው። አንዳንዶቹ እስከ ሠላሳ ሜትር ይጠልቃሉ። ሰዎች ከጉድጓዱ ግርጌ እስከ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ተሰልፈው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ፣ በዜማ እየተቀባበሉ ከብቱን ያጠጣሉ። በዚህ ላይ ተመሥርተን እናስብ። የድርቅ ወራት ነው፤ ተራ የሚጠብቀው ከብት ብዙ ስለሆነ ሥራው እስከ ምሽት ዘልቋል። በጉድጓዱ ውስጥ ሰባት ሰዎች ተሰልፈዋል። ከሁሉ በላይ የቆመው ወጣት ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ዜማ እያዳመጠ ድምፆቹን ይቆጥራል፤ ስምንት ይሆኑበታል። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ እንደገና ይቆጥራል። ጥቂት ቆይቶ ከሁሉ በታች የነበረው ሰው ደክሞት ወደ ላይ ይወጣና ከአጠገቡ ይቀመጣል። ባልዲው ግን ሞልቶ መምጣቱን አላቋረጠም።

ከዚህ በኋላ ያለውን እናንተ ቀጥሉት፤ ስምንተኛው ማን እንደ ሆነ ለመናገር ግን አትቸኩሉ።